ከሐዋሳ እስከ ኡፕሳላ፤ የአንድ ተማሪ ትዝታ

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላሉ አባቶቻችን። ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን ትምህርት ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ የሄደ ሰው በዚህ ምሳሌ ላይ አንድ ነገር ይጨምርበታል፤ ይኸውም ሰው የተወለደበትንም አገር ቢሆን አጥርቶ የሚያየው ጥቂት ከራቀው በኋላ መሆኑን ነው። መጽሐፍን ከዐይን ላይ ቢለጥፉት አይነበብም፤ ራቅ ሲያደርጉት ግን ፊደሉ ይለያል።

ስለ አውሮፓ ከተሞች ስፋት፣ ስለ ሕንጻዎቹ ቁመትና ስለ መንገዶቹ ጥራት መተረክ ዛሬ ለአንባቢ ብዙ ጥቅም የለውም፤ ሥዕሉ ሁሉ በየሰዉ እጅ ባለው ስልክ ውስጥ ይገኛል። እኔ ለመጻፍ ያሰብሁት አንድ የሐዋሳ ተማሪ በሰሜን አውሮፓ ሁለት ዓመት ሲቀመጥ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ፣ ምን እንደሚያስጨንቀው፣ ይልቁንም ምን ይዞ ሊመለስ እንደሚገባው ነው።

አባቴ በአለታ ወንዶ አካባቢ ቡናና እንሰት የሚያለማ ገበሬ ነው። እኔ ግን ትምህርቴን እንድከታተል ገና በልጅነቴ ሐዋሳ ወደ አክስቴ ቤት ስለ ተላክሁ ያደግሁት በሐይቁ ዳር ነው። ሐዋሳን የሚያውቅ አንባቢ ማለዳ በአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ወደ ዳር ሲያስጠጉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ታላላቅ ወፎችም እንደ ሽማግሌ አንገታቸውን ቀብረው ድርሻቸውን ሲጠባበቁ ማየቱ አይቀርም። ከከተማው ራቅ ብሎ በወንዶ ገነት ደንና ፍል ውሃ አጠገብ የሚገኘው የደን ትምህርት ቤት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ሲቋቋም የስዊድን እርዳታ አልተለየውም ነበር። በኋላም ትምህርት ቤቱ የሐዋሳ ዩኒቨርስቲ አንድ ክፍል ሲሆን ከስዊድን የእርሻ ሳይንስ ዩኒቨርስቲ ጋር የነበረው ዝምድና ስላልተቋረጠ፣ ብዙ የአገራችን ልጆች በዚያ የደንን ትምህርት ተምረዋል። እኔም በነሐሴ ወር 2004 ዓ.ም. ለሁለት ዓመት ትምህርት ወደ ኡፕሳላ የመሄድ ዕድል ያገኘሁት በዚሁ ዝምድና መነሻነት ነው።

እናቴ ሽሮውን፣ በርበሬውንና ቡላውን በየከረጢቱ ቋጥራ ሰጠችኝ። አባቴ ደግሞ ከራሱ ማሳ የለቀመውን ቡና ሁለት ኪሎ ያህል አምጥቶ «ይህን ለአስተማሪዎችህ ስጣቸው፤ የማንን ልጅ እንደሚያስተምሩ ይወቁ» አለኝ። በዚያን ጊዜ ነገሩን እንደ ቀላል ስጦታ ቈጥሬው ነበር፤ ትርጉሙ የተገለጠልኝ ውሎ አድሮ ነው።

ከቦሌ በሌሊት ተነሥተን ሲነጋ በስዊድን ሰማይ ላይ ደረስን። በአሳቤ ስሥለው የኖርሁት የፋብሪካ ጭስ ነበር፤ በመስኮቱ ቍልቍል ስመለከት ግን ያየሁት ጥቅጥቅ ያለ ደንና በደኑ መካከል የተበተኑ ሐይቆችን ነው። «ወንዶ ገነት ሰፍታ እዚህ ደርሳ ይሆን?» ብዬ ተገረምሁ። አርላንዳ ከሚባለው የአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ኡፕሳላ ያለው መንገድ በባቡር ሃያ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ኡፕሳላ ከስቶክሆልም በስተሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የተማሪ ከተማ ናት። ዩኒቨርስቲዋ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1477 ስለ ተመሠረተ በሰሜን አውሮፓ አገሮች ካሉት ሁሉ ቀዳሚው ነው። በቀይ ሸክላ የተሠራው ካቴድራል ቁመቱ ከ118 ሜትር ስለሚበልጥ እንግዳ ሰው መንገዱ ቢጠፋበት ጫፉን አይቶ ይመለሳል። ፊሪስ የሚባለው ወንዝ ከተማይቱን ለሁለት ከፍሏት ያልፋል። ሽማግሌው፣ ተማሪው፣ ፕሮፌሰሩም ሳይቀር የሚጓዘው በብስክሌት ነው። የእኔ ትምህርት ቤት ከከተማው መኻል በስተደቡብ ኡልቱና በተባለው ስፍራ ስለ ነበር እኔም አሮጌ ብስክሌት ገዝቼ ከእነርሱ ጋር መጓዝ ጀመርሁ።

ማደሪያችን በአንድ ረጅም መተላለፊያ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ክፍሎች ሲሆኑ ወጥ ቤቱ ግን የጋራ ነበር። በዚያ ወጥ ቤት የኔፓሉ ምስር፣ የጀርመኑ ድንችና የእኔ ሽሮ በአንድ ምድጃ ላይ ጎን ለጎን ይንተከተኩ ነበር። ቡና በጀበና ማፍላቱን ሁሉም ወደዱልኝ፤ ዕጣን ማጨስ ግን የእሳት ማስጠንቀቂያውን ስለሚያስጮህ የተከለከለ ነበር። ልብስ ለማጠብ እንኳ ከብዙ ቀን በፊት በሰሌዳ ላይ ሰዓት መያዝ ያስፈልጋል፤ ሰዓቱ ካለፈ ለባለተራው መልቀቅ ግድ ነው። መጀመሪያ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ተራ የሚያከብር ሕዝብ ደካማውን ከጉልበተኛው እኩል እንደሚያደርግ ተረዳሁ፤ በሰሌዳው ላይ የፕሮፌሰርና የተማሪ፣ የሀብታምና የድኻ ተራ ተለይቶ አይጻፍምና።

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረኝ የአክብሮት ነገር ነው። ስዊድኖች እስከ 1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ድረስ ሰውን በማዕረጉ ይጠሩ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን «አንተ» እና «አንቺ» መባባልን ልማድ አድርገውታል። በአገራችን መምህሩን «አንተ» የሚል ተማሪ ባለጌ ይባላል፤ በዚያ ደግሞ ፕሮፌሰሩን በማዕረግ ስም የሚጠራ ተማሪ ያሥቃል። ፀጉሩ የሸበተውን አስተማሪ በስሙ ብቻ ለመጥራት ምላሴ እምቢ ስላለኝ አንድ ወር ያህል ስም ሳላነሣ ዙሪያ ጥምጥም እናገር ነበር። ውሎ አድሮ እንደ ተመለከትሁት ግን እነርሱም አክብሮት የላቸውም ማለት አይደለም፤ አክብሮታቸውን ያኖሩት በቃል ላይ ሳይሆን በቀጠሮና በማዳመጥ ላይ ነው። አስተማሪው ከተባለው ሰዓት አምስት ደቂቃ ቢዘገይ ተማሪዎቹን ይቅርታ ይጠይቃል። ተማሪም «በዚህ አልስማማም» ቢለው አይቈጣም፤ «ምክንያትህን አስረዳኝ» ይለዋል።

የሰዓትን ነገር ካነሣን፣ አንባቢዬ ሆይ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ቀኑን ከፀሐይ መውጣት ጀምረን የምንቈጥረው ለምን እንደ ሆነ ያስተዋልሁት እዚያ ሄጄ ነው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ሰባት ዲግሪ ያህል ብቻ ርቃ ስለምትገኝ በዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ ቀን የሚበልጠው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው፤ ፀሐይ በሰዓቷ ትወጣለች፣ በሰዓቷም ትገባለች። ኡፕሳላ ግን ስድሳኛው ዲግሪ አጠገብ ናት። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቈጣጠር ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ አምስት ሲሆን ትገባለች። በሰኔ ደግሞ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወጥታ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ድረስ አትጠልቅም። የእኛ ሰዓት በዚያ ምድር ላይ አይሠራም፤ በእኛ ምድር ላይ ግን ከእርሱ የተሻለ የለም። የኋላ ቀርነት ምልክት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አባቶቻችን የምድራቸውን ጠባይ አስተውለው የሠሩት መሆኑን በበረዶ መካከል ቆሜ ተማርሁ።

አንድ ቀን በማዕድ ላይ ሳለን ጓደኞቼ የእኛን የዘመን አቈጣጠር ሰምተው «አንተ እኮ ከእኛ በሰባት ዓመት ታንሳለህ» እያሉ ሣቁብኝ። እኔም የስዊድንን ታሪክ አንብቤ ስለ ነበር በ1712 የካቲታቸው ሠላሳ ቀን እንደ ነበረው፣ በ1753 ደግሞ የካቲት 17 ካለቀ በኋላ በማግሥቱ መጋቢት 1 ብለው ዐሥራ አንድ ቀን እንደ ዘለሉ ነገርኋቸው። ስዊድኖቹ ራሳቸው ይህን አያውቁም ነበርና ሣቁ ወደ እነርሱ ዞረ። የሌላውን አገር ታሪክ ማወቅ ለክርክርም ይጠቅማል።

አሁን ወደ ዋናው ጕዳይ ልግባ። ስዊድኖች በዓለም ላይ ብዙ ቡና ከሚጠጡት ሕዝቦች መካከል ናቸው። በትምህርት ክፍላችን በቀን ሁለት ጊዜ ሥራ ቆሞ ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቡና ይጠጣል፤ ይህንም ልማድ «ፊካ» ይሉታል። የሚገርመው በ18ኛው መቶ ዓመት የአገሪቱ መንግሥት ቡናን ደጋግሞ መከልከሉ ነው፤ የመጀመሪያው ክልከላ በ1756 ነበር። ሕዝቡ ግን አልተወውም። የአባቴን ቡና ቈልቼ ባፈላሁላቸው ቀን ከጠረጴዛው ማንም ቶሎ አልተነሣም።

በኡፕሳላ ከተማ ካርል ሊኔ የተባለው ታላቅ የተፈጥሮ ሊቅ (1707 - 1778) ያስተምርበት የነበረ የአትክልት ስፍራ አለ። በዓለም ላይ ያሉትን ተክሎች በሁለት ቃል የመሰየምን ሥርዐት ያጸና እርሱ ነው። በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ ለቡና የሰጠው ስም «ኮፌያ አራቢካ» ነው፤ ትርጉሙም የዐረብ ቡና ማለት ነው። የቡና የትውልድ ስፍራ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ቢሆንም፣ ቡና በየመን በኩል አልፎ በመርከብ ወደ ሌላው ዓለም ስለ ሄደ ስሙ የመጣበትን ወደብ ተከትሎ ቀረ።

ነገሩ በቡና ብቻ አያበቃም። ኮሶአችን በሳይንስ ስሙ «ሐጌኒያ አቢሲኒካ» ይባላል፤ ሐገን የተባለው ሰው የኮኒግስበርግ ከተማ ሊቅ ነበር። ዝግባችንን የሰየመው የሊኔ ተማሪ የነበረው ቱንበርግ ነው፤ ዛፉን ያገኘውም በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ነበር። ኑግን ደግሞ የሊኔ ልጅ «አቢሲኒካ» ብሎ ስለ ሰየመው ቢያንስ አገሩ አልተሰወረም። በደን ትምህርት ቤት ሳለሁ እነዚህን ስሞች ለፈተና ብዬ በቃሌ አጥንቻቸው ነበር፤ ማን እንደ ሰጣቸውና ለምን እንደ ሰጣቸው ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

በየእሑዱ ወደ ቤት ስልክ እደውል ስለ ነበር አንድ ቀን አባቴ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦

«ለመሆኑ ልጄ፣ እነዚያ ሰዎች የእኛን ቡና ምን ብለው ይጠሩታል?»

«የዐረብ ቡና ይሉታል፣ አባባ።»

ጥቂት ዝም ብሎ «ዐረብ መቼ መጥቶ ተከለው?» አለኝ።

የመርከቡንም የመጽሐፉንም ነገር እንደ ምንም አስረዳሁት። በጥሞና ከሰማኝ በኋላ «እንግዲያው ሰውዬው አልዋሸም፤ የደረሰውን ጻፈ። እኛ ደግሞ ሄደን አልነገርነውም። አሁን አንተ ከዚያ ነህ፤ ንገራቸው» ብሎ ወደ እናቴ ጤና ነገር ተመለሰ።

ይህ ቃል ለብዙ ጊዜ እንቅልፍ ነሣኝ። ምን ልንገራቸው? አባቴ ማሳው ውስጥ ገብቶ ይህ ኩሩሜ ነው፣ ይህ ወሊሾ ነው፣ ይህ ደጋ ነው እያለ በቅጠሉና በፍሬው መጠን ይለያል። እናቴ የእንሰቱን ገንቲቻ፣ አዶና ሚዳሾ የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለቡላ፣ የትኛው ለቃጫ እንደሚሻል ታውቃለች። እኔ ግን ስለ ስዊድን ጥድ ሃምሳ ገጽ መጻፍ ስችል ስለ አባቴ ማሳ አንድ ገጽ የጻፈ ሰው ፈልጌ ያገኘሁት በጥቂቱ ነው፤ ያገኘሁትም በእንግሊዝኛ ነው።

በዚያን ሰሞን የሁለት መንገደኞችን ታሪክ አነበብሁ። አንደኛው በኡፕሳላ የሊኔ ተማሪ የነበረው ፔተር ፎሽኮል ነው። ወደ የመን ሄዶ ቡናውንና ጫቱን ሌላውንም ተክል ሲመረምር በ1763 በወባ ሞተ፤ ነገር ግን ዕለት ዕለት ይጽፍ ስለ ነበር የጕዞ ጓደኛው ኒቡር ጽሑፉን በ1775 አሳተመለት። ሁለተኛው የራሳችን ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። እኒህ የመካነ ሥላሴ ሰው በ1652 ወደ ጀርመን አገር ጎታ ወደምትባለው ከተማ ሄደው ለኢዮብ ሉዶልፍ ቋንቋችንንና ታሪካችንን አስተማሩ። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሰጥመው ሞቱ። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 ሲያሳትም የመምህሩን ስም በምስጋና አነሣ እንጂ አልሸሸገም። ይሁን እንጂ መጽሐፎቹ የሚጠሩት በሉዶልፍ ስም ነው። የአባ ጎርጎርዮስ ዕውቀት የተረፈው ሌላ ሰው ስለ ጻፈው ነው።

ከዚህ የምንማረው የአውሮፓን ሰዎች መውቀስን አይደለም። ጽፈው ባያቈዩልን ኖሮ ብዙው ነገር ፈጽሞ በጠፋ ነበር። ነገር ግን ያልጻፍነው ዕውቀት ወይ ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል፣ ወይ በሌላ ሰው ስም ተጠርቶ ይመለስልናል፤ ሦስተኛ መንገድ የለውም። ስምም ዋጋ አለው። መንግሥታችን ከ2005 ጀምሮ «ሲዳሞ»፣ «ይርጋ ጨፌ» እና «ሐረር» የሚሉትን ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ደክሞ በ2007 ስታርባክስ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር የተስማማው ይህን በመገንዘብ ነው። በኡፕሳላ ሱቅ በቡና ከረጢት ላይ «ሲዳሞ» የሚለውን ቃል ያነበብሁ ቀን ከዘመድ ጋር የተገናኘሁ መሰለኝ።

የደን ትምህርቱም ይህንኑ አጠነከረልኝ። የስዊድን ደን በ19ኛው መቶ ዓመት ያለ ልክ ተጨፍጭፎ እንደ ነበር፣ በ1903 የወጣው ሕግ ዛፍ የቈረጠ ሁሉ ምትኩን እንዲያበቅል እንዳዘዘ ተምረናል። ከ1923 ጀምሮ ደግሞ የአገሪቱ ደን በየጊዜው እየተለካ ይመዘገባል። ዛሬ ከአገሪቱ ምድር ሁለት ሦስተኛው ያህል ደን ነው። በዚያ አገር ጥድ ለመቈረጥ ሰባና መቶ ዓመት ስለሚፈጅበት የዛሬው ገበሬ የሚቈርጠው አያቱ የተከለውን ነው፤ እርሱም የሚተክለው ለማያየው የልጅ ልጁ ነው። አያቱ የተከለበትን ዓመት የሚያውቀው ስለ ተጻፈለት ነው። ወንዶ ገነትን ባሰብሁ ቍጥር የዛፎቻችን ዕድሜ የማን መዝገብ ላይ እንደሚገኝ ራሴን እጠይቅ ነበር።

ስለ ብቸኝነት ሳልጽፍ ባልፍ አንባቢን እንደ ማታለል ይሆናል። ላገሩ ባዳ ለሰው እንግዳ መሆን በተለይ በክረምቱ ጨለማ ይከብዳል። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ከሰው አይነጋገርም፤ ጎረቤት ታሞ ቢተኛ ሳይሰሙ ሳምንት ያልፋል። እንቁጣጣሽ ሲሆን ወደ ስቶክሆልም ሄደን ከአገራችን ልጆች ጋር በልተን ጠጥተን፣ ማታ በባቡር ስንመለስ የምንነጋገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መቅረት ወይስ መመለስ? ትምህርቴን ልጨርስ ስል በሌላ የአውሮፓ አገር ለዶክተርነት ትምህርት የምገባበት መንገድ ተከፍቶልኝ ነበር። ደመወዙ እዚህ ከማገኘው ብዙ እጥፍ ስለ ነበር አሳቤ ለሁለት ተከፈለ። አብረውኝ የነበሩት አንዳንዶቹ ቀሩ፤ እኔ አልፈርድባቸውም። ከእነርሱ መካከል ከሚያገኙት ቈርሰው ወንድምና እኅት የሚያስተምሩ፣ መጽሐፍ የሚልኩ፣ ወጣቶችን የሚመክሩ አሉ። ተመልሶ መጥቶ ደግሞ የተማረውን በዲፕሎማው መስታወት ውስጥ ዘግቶ የሚቀመጥ ሞልቷል። ስለዚህ ቁም ነገሩ እግር የት ቆመ ሳይሆን እጅ ምን ሠራ ነው።

እኔን የመለሰኝ የአባቴ ጥያቄ ነው። እርሱ የሚያውቀውን ለመጻፍ ሰውዬው ሳለ መድረስ ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ ከኡፕሳላ ሆኖ በእሑድ ስልክ መፈጸም አይቻልም። በ2006 ዓ.ም. ክረምት ወደ ሐዋሳ ከተመለስሁ ወዲህ በማስተምርበት ስፍራ ለተማሪዎቼ የመጀመሪያ ሥራ አድርጌ የምሰጣቸው ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ሄዶ ከአባቱ ወይም ከእናቱ፣ ከአያቱም ቢሆን፣ ዐሥር ተክሎች በአገር ቋንቋ ስማቸው፣ በመልካቸውና በጥቅማቸው ጽፎ ይመጣል። መጀመሪያ «ይህ ደግሞ ምን ትምህርት ነው?» ይላሉ። ሲመለሱ ግን አብዛኛዎቹ ከዐሥር በላይ ይዘው ይመጣሉ፤ የሳይንሱን ስም ፈልገን ያላገኘንለት ተክል የሚገኝበትም ጊዜ አለ። የአባቴን ማሳ ራሴ ጽፌዋለሁ፤ የእናቴ እንሰት ግን ገና አላለቀም፤ በሄድሁ ቍጥር አንድ ዐዲስ ስም ትጨምርልኛለች።

ወደ ውጭ አገር ለትምህርት የምትሄዱ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ከመሄዳችሁ በፊት የቤታችሁን ሽማግሌ ጠይቁ፣ የጠየቃችሁትንም ጻፉ። በዚያ የምታገኙት ትምህርት የሚጠቅማችሁ የምትለኩት የራሳችሁ ነገር ይዛችሁ ስትሄዱ ነው። ጠባያቸው መልካም የሆነውን፣ ይልቁንም ቀጠሮ ማክበርን፣ ተራ መጠበቅንና ዕለት ዕለት መመዝገብን ተማሩ። እናንተም መምህራንና ሹማምንት፣ ተማሪ ሲመለስ «ምን ዲግሪ ያዝህ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁት በኋላ «ምን ጻፍህ?» ብላችሁ ጨምሩበት። ገበሬዎቻችን የሚያውቁትን በጊዜው ጽፈን ካኖርን፣ የልጅ ልጆቻችን ስለ ራሳቸው ቡናና እንሰት ለማወቅ የሌላ አገር ቤተ መጻሕፍት ደጅ አይጠኑም።